ላኦስ ድረስ ሄጄ የቀናሁባት ሴት

ቅናተኛ ነኝ። ከሰው ከምትሰሙት ከራሴው አፍ ስሙት ብዬ ነው ከዚህ የምጀምረው። እህቶቼ ይስቁብኛል፣ የሥራ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ ባሌ ዮናስ ግን አይስቅም፣ ኑሮው ነዋ! ምግብ ቤት ገብተን አንዷ አስተናጋጅ «ውሃ ልጨምርልህ?» ብላ ትከሻውን ነካ ካደረገችው ያ ሁሉ ያዘዝኩት ምግብ ከጉሮሮዬ አይወርድም። ምን ላድርግ፣ እንዲህ ሆኜ ተፈጠርኩ። ያን ሰሞን ላኦስ ላይ የያዘኝ ቅናት ግን ከዚያ ሁሉ የተለየ ነበር። ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ያኔ ማን እንደነበርን መጀመሪያ ልንገራችሁ። ራሄል እባላለሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ በዲቪ ነው ላስ ቬጋስ የገባሁት። ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች ባንዱ የነርስ ረዳት ነኝ፤ በሽተኛ አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ ግፊትና ስኳር እለካለሁ። ዮናስ ደግሞ እዚሁ ቬጋስ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ወላጆቹ ከብዙ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ናቸው። አባቱ ያረፉት እኛ ሳንተዋወቅ ነው። ካዚኖ በር ላይ የእንግዳ መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዝምተኛ ሰው እንደነበሩ ሰምቻለሁ፤ ከዚያ በላይ ስለሳቸው የማውቀው ነገር አልነበረም። ዮናስ ራሱ ካዚኖ ውስጥ ካርድ አዳይ ነው።

እሱ የሌሊት ሺፍት፣ እኔ የቀን። አሊያንቴ ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ እኔ ስወጣ እሱ ይገባል፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተነካክተን እንለያያለን። አልጋችን አይቀዘቅዝም ነበር፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይተኛበታል። ኦፍ በምንገናኝበት ቀን ደግሞ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። ብጠይቀው «እሺ»፣ ብቆጣው «እሺ»፣ ብስመው «እሺ»። ካርድ ለሚጫወቱት ሰካራሞች የሚያወራውን ያህል እንኳ ለእኔ አያወራም። እኔ ደግሞ ሰው ዝም ሲለኝ ሌላ ሰው አለ ብዬ ነው የማስበው። ስልኩን አየሁ፣ ምንም የለም። መኪናውን ፈተሽኩ፣ ምንም የለም። ምንም አለማግኘቴ ራሱ አበሳጨኝ።

አንድ ቀን አፈነዳሁት።

«ዮኒ፣ ከግድግዳ ጋር መኖር ሰልችቶኛል» አልኩት። «ወይ እንደ ባልና ሚስት እንኑር፣ ወይ ሳንቀያየም በጊዜ እንለያይ።»

ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠና፣ «ቫኬሽን እንሂድ» አለኝ።

«ምን?»

«አንቺና እኔ ብቻ። ሺፍት የለም፣ ፋሚሊ የለም። ሩቅ። ባክፓክ አድርገን። ስንመለስ ዲሳይድ እናደርጋለን።»

ሰውዬው ለካ በስልኩ ሲያይ የሚውለው ቦርሳ አዝለው አገር ላገር የሚዞሩ ሰዎችን ኖሯል። ላኦስ የሚባል አገር መኖሩን እኔ የሰማሁት ቲኬት ሲቆረጥ ነው። በታይላንድና በቬትናም መሃል ያለ፣ ባሕር የሌለው፣ ተራራና ወንዝ የበዛበት አገር ነው፤ ቱሪስቱ ወደ ጎረቤቶቹ ሲጎርፍ እሱን አልፎት ይሄዳል። እዚሁ ቬጋስ ሎን ማውንቴን ሰፈር የሚኖሩት አክስቴ እቴቴ ዘነቡ፣ አሜሪካ ስገባ የተቀበሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ስነግራቸው አፋቸውን ያዙ።

«ዘመድ አለሽ እዚያ?»

«የለኝም እቴቴ።»

«ታዲያ ለማን ነው ዕቃ የምታደርሱት?»

ዕቃ ሳይላክበት የሚሄድ መንገደኛ በዘራችን ታይቶ አያውቅም። እኔም ብሆን ከትልልቅ ሻንጣ በቀር ይዤ ተጉዤ አላውቅም። ያንን ቦርሳ አዝዬ ኤርፖርት ስገባ ትልቅ ሰው ያዘልኩ መሰለኝ። በልቤ ግን አንድ ነገር ቋጥሬ ነበር፦ ይህ ሰው በዚህ መንገድም ዝም ካለኝ፣ ተመልሰን እንፋታለን።

ከዋና ከተማው ከቪየንቲያን ተነስተን በሚኒባስ ወደ ሰሜን ወጣን። ከእግራችን ስር የሩዝ ጆንያ፣ ከኋላችን ጫጩት የታጨቀበት ቅርጫት። መንገዱ ሲጠማዘዝ አንጀቴም አብሮ ይጠማዘዝ ነበር። ዮናስ በመስኮት እያየ ብቻውን ፈገግ ይላል። «ምን አየህ?» ብለው፣ «ናትንግ» አለኝ። ደሜ ፈላ። የምድርን ግማሽ ዞረን የመጣነው «ናትንግ» ልባል ነው?

የወረድንባት ከተማ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ነገር ናት። ያረፍንበት የእንግዳ ማረፊያ ከእንጨት የተሠራ ሲሆን ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከእኛ በቀር እንግዳ አልነበረም። ምግብ የምታበስልልን ግን ጎረቤት ናት፤ ኖይ ትባላለች። እድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ረጅም አንገት፣ እስከ ወገቧ የወረደ ፀጉር፣ ከታች ጥለት ያለው ቀሚስ። እኔን ያየ! ገና ሳያት ነው ቦርሳዬን ከጀርባዬ አውርጄ የቆምኩት።

ምሽት ላይ ምግቡን ምንጣፍ ላይ ዘረጋችልን። እዚያ አገር ሩዙ እርስ በርሱ የሚጣበቅ ነው፣ በትንሽ ቅርጫት ይቀርባል፣ በእጅ እየጠቀለሉ ወጥ ያስነኩታል። እኛ በእጅ መብላቱ አዲስ አልሆነብንም። ኖይ ግን ዮናስ የጠቀለለውን አይታ ሳቀች፤ በጣም ትልቅ አድርጎታል መሰለኝ። ትንሽ ቆንጥራ በሦስት ጣቶቿ ስታድበለብል አሳየችው። እሱም ሞከረ። ሳቀች። እሱም ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔ የዚያን ሰው ትከሻ እንዲህ ሲሆን አይቼ አላውቅም!

ከዚያማ ተዉኝ። በእጁ ያወራል፣ በቅንድቡ ያወራል፣ ምንጣፉ ላይ በጣቱ ይስልላታል። እሷ ከእንግሊዝኛ የምታውቀው ጥቂት ቃል ነው፤ እሱ ከቋንቋዋ «ሳባይዲ» ከሚለው ሰላምታ በቀር የሚያውቀው የለም። ግን ያወራሉ። አማርኛም እንግሊዝኛም እያለን ከእኔ ጋር ማውራት ያቃተው ሰው!

«ደስ ብሎሃል» አልኩት ክፍላችን ገብተን።

«ናይስ ናቸው ሰዎቹ» አለ።

«ሰዎቹ ናቸው ወይስ ሴትየዋ?»

«ሬቾ፣ ፕሊስ።» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተኛ።

በማግስቱ ሰውነቴ ገና በቬጋስ ሰዓት ነበር፤ ምሳ ሰዓት ሲሆን ዓይኔ አልገለጥ አለኝ። «ትንሽ ልተኛ» ብዬ ጋደም አልኩ። ስነሳ ዮናስ የለም። ወጥቼ ወንዙ ዳር አየሁ፣ የለም። የማረፊያውን ሽማግሌ ባለቤት ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው ወደ ላይ ወደ ታች አመለከቱኝ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ባሌ መጣ። ፊቱ አብርቷል፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

«የት ነበርክ?»

«ዎክ አደረግኩ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

አጠገቤ ሲቀመጥ ሸሚዙ ላይ የሆነ ነገር አየሁ። እጄን ሰድጄ ሳብኩት። ቀጭን ቀይ ክር ነው፤ ሐር ይመስላል። ሸሚዙ ነጭ ነው፣ ሱሪው ጥቁር ነው፣ እኔ ቀይ ነገር ይዤ አልመጣሁም። የኖይ ቀሚስ ጥለት ግን ቀይ ነው። ከዚህ በፊት ስቀና ጠርጥሬ ነው እንጂ ይዤ አላውቅም ነበርኮ። ክሩን በጣቴ ላይ ጠምጥሜ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ደግሞ አደጋ ነው፣ የሚያውቁኝ ያውቃሉ።

ራቱን ኖይ አመጣች። ቀና ብዬ አላየኋትም። እሷ ግን ዓሣውን ቆርሳ ከፊቴ አደረገችልኝ፣ ከአጥንቱ የጸዳውን። ምነው እንዲህ ደግ ሆንሽ? የሠራሽው ቢኖር ነው እንጂ! እያልኩ በልቤ በላሁት። ዓሣው በጣም ይጥም ነበር፣ እሱም አናደደኝ።

በሦስተኛው ቀን ምሳ በልተን፣ «እንቅልፌ መጣ» ብዬ ተኛሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን አረዘምኩ፤ የታካሚ እንቅልፍ ሲጠብቅ የኖረ ሰው እንቅልፍ ማስመሰል አይከብደውም። ዮናስ ቀስ ብሎ ተነሳ። ጫማውን በእጁ ይዞ ወጣ። ጫማውን በእጁ! ትንሽ ጠበቅኩና ተከተልኩት።

ፀሐዩ ያቃጥላል፣ መንገድ ላይ ሰው የለም። ባሌ የኋላውን ሳያይ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው፣ በሙዝ ተክሎቹ መሃል ታጥፎ ገባ። እዚያ ሰፈር ቤቶቹ ረጃጅም የእንጨት እግር ላይ ነው የቆሙት፣ ሰው ከላይ ይኖራል፣ ከስር ጥላ ነው። የኖይ ቤት ስር ዙሪያውን ጨርቅና ክር ተሰቅሎ ውስጡን ጋርዶታል። ከመጋረጃው ስር የሚታየኝ እግር ብቻ ነው። ሁለት የሴት እግር ቆሟል። ከፊቱ ሁለት የወንድ እግር ተንጠልጥሏል። የባሌ እግር! ያ ከፍ ዝቅ ይላል። ጧ... ጧ... የሚል የእንጨት ድምፅ ይሰማል። ከዚያ የእሷ ሳቅ መጣ።

ምን እንደማስብ እንኳ አላውቅም ነበር። ጨርቁን በሁለት እጄ ገልጬ ገባሁ።

«አንተ ቅሌታም! አንቺስ ብትሆኚ! ለዚህ ነው እዚህ ድረስ ያመጣኸኝ?» ምን ያላልኩት አለ። በአማርኛ ነው የምጮኸው፣ ኖይ ግን የገባት ይመስለኛል፤ እጇን ከትከሻው ላይ አንስታ የቤቱን ምሰሶ እስክትነካ ወደኋላ ሄደች።

ዮናስ ከተቀመጠበት አልተነሳም። ከፊቱ የተወጠረ ክር ነው፣ ቀይና ጥቁር፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ክር። እግሩ ሁለት መርገጫ እንጨት ላይ ነው፣ እጁ ውስጥ መወርወሪያ ይዟል። እሱ የሽመና ዕቃ ላይ ነው የተቀመጠው!

«ሬቾ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አትጩሂ። ክሩ ይበጠሳል።»

እስቲ አሁን ፍረዱኝ። ትዳሬ እየተበጠሰ ነው፣ እሱ ለክር ይጨነቃል! «ከዛሬ ወዲያ አንተና እኔ አንድ ቤት አንገባም» አልኩት። «ዲሳይድ አድርጌያለሁ፣ ጨርሻለሁ።» ወጣሁ። ማረፊያው ገብቼ ልብሴን ቦርሳው ውስጥ እንዳገኘሁ ጠቀጠቅኩና አዝዬ ወደ ሚኒባስ መቆሚያው ሄድኩ።

መቆሚያው ባዶ ነው። ለካ መኪና ያለው ጠዋት ብቻ ነው። አንዲት ቆርቆሮ ጥላ ስር ቦርሳዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እዚህ ሰው አያውቀኝም ብዬ ድምፄን አውጥቼ ነው ያለቀስኩት። አንዲት አሮጊት ከሱቃቸው ወጥተው ሙዝ ሰጡኝ። እያለቀስኩ በላሁት።

ባሌ ይመጣል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። የመጣችው ኖይ ናት። ስታለከልክ ደርሳ ከፊቴ ቁጢጥ አለች። ልገፋት ፈለግኩ፣ ግን ፊቷ የፈራ ሰው ፊት ነው። ስልኳን አውጥታ በቋንቋዋ አንዳንድ ነገር ተናገረችበትና ወደ እኔ አዞረችው። ስልኩ በእንግሊዝኛ እየተረጎመ አነበበልኝ።

«ባልሽ ትናንት ቤቴን ሲያይ ቆመ። የእኔን የሽመና ዕቃ ሲያይ አለቀሰ። አባቱ እንዲህ ያለ ነበረው አለ። አባቱ ሞቷል አለ። እኔ ቁጭ በል አልኩት። እዚህ አገር ወንድ ይህን አይሠራም፣ ስለዚህ ሳቅኩ። እሱ ግን ያውቃል። ለሚስቴ አትንገሪ አለ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

አያችሁ፣ ሰው ይህን ሲሰማ «እፎይ» ይላል። እኔ ግን አላልኩም። እስከዚያ ድረስ ስቀና ቢበዛ ዓይኑ፣ እጁ፣ ገላው ላይ ነበር። አሁን የቀናሁት በእንባው ነው። እናቱ ሲታመሙ ያላለቀሰ፣ «እንለያይ» ስለው ያላለቀሰ ሰው፣ ባያት በማግስቱ በዚህች ሴት ፊት አለቀሰ። ትዳር በያዝንበት ዘመን ሁሉ ያልሰማሁትን አባቱን ለእሷ አወራላት፤ ለዚያውም ቋንቋ ሳይኖራቸው! «ለሚስቴ አትንገሪ» የምትለው ደግሞ እንደ ቢላ ገባችብኝ። እኔ ነኝ ባዕዷ ማለት ነው። ቢያቅፋት ይሻለኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ተነሳሁ። ኖይ ቦርሳዬን ልታነሳልኝ እጇን ስትዘረጋ «ተይው!» አልኳትና ራሴ አዘልኩት። ተከታትለን ወደ ቤቷ ተመለስን።

ዮናስ እዚያው ነው፣ ከመቀመጫው አልተነሳም። እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ክሩን ያያል።

«አባትህ ምን ነበሩ?» አልኩት።

ኖይን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «ነገረችሽ?»

«ካንተ ነው መስማት የምፈልገው። አባትህ ምን ነበሩ?»

«ሸማኔ» አለ። ቃሉ ሲወጣ ትከሻው ወረደ። «ሽሮ ሜዳ ነው ያደገ። ከአባቱ ጋር ይሠራል በልጅነቱ። ቬጋስ ሲመጣ ለሰው አልተናገረም። ለማንም። ግን ጋራዥ ውስጥ ሠራው፣ ሙሉ የሽመና ዕቃ፣ በእንጨት፣ በራሱ እጅ። እዚያ አገራችን ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚያደርገው አይደል? ጋራዡ ኮንክሪት ነው፤ መቆፈር አይችልም። ስለዚህ መቀመጫውን ከፍ አደረገ፣ እግሩ እንዲንጠለጠል። እንደዚህ።» የተቀመጠበትን እንጨት መታ መታ አደረገው። «ኤግዛክትሊ እንደዚህ ሬቾ። ሳየው አባቴ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ።»

ቦርሳዬን ከጀርባዬ ማውረዱን ረስቼ ቆሜ ነው የምሰማው።

«የጋራዡን በር አይከፍተውም» አለ። «በቬጋስ ሙቀት። በበጋ። ፋን ብቻ። ሰው ሲመጣ መኪና እያስተካከልኩ ነው ይላል። እኔ ከስኩል ስመጣ ቀሰሙ ላይ ክር እጠቀልልለታለሁ። ያኔ ብዙ ያወራል። እዚያ ብቻ ነው የሚያወራው። ሲሞት ማሚ ሰው ሳያይ አውጣው አለችኝ። ቆራረጥኩት። እኔ ነኝ በመጋዝ የቆራረጥኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

መወርወሪያውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። ጠበቅኩ። በሕይወቴ እንዲህ ጠብቄ አላውቅም።

«መልሳችን ዕለት» አለ በመጨረሻ። «እቴቴ ዘነቡ ያንዷን ልጅ ቀሚስ አየች፣ ጥለቱ ተበላሽቷል። ምን አለች መሰለሽ? ‹ይሄን የሠራው ምን ዓይነት ቁጢት በጣሽ ነው?› አለች። ያንን ቃል አውቀዋለሁ። አባቴን በልጅነቱ ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔ ስለሆነ፣ የሚሰድቡት በእሱ ነው። ማሚ አንገቷን ደፋች። ሁሉም ሰው ሳቀ።» ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺም ሳቅሽ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላስታውሰውም። እስከ ዛሬ ድረስ አላስታውሰውም። ስንቱን ሳቅ ስቄያለሁ ያን ቀን፣ ሙሽራ ነበርኩ! እሱ ግን በዚያች ሳቅ ላይ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ይዞ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ከዚያ በር ኋላ ሴት ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ መሰለኝ። የመጣልኝ ግን ሌላ ነው።

«ለእሷ ነግረሃት ለእኔ!» አልኩት። «እሷም እኮ ሳቀችብህ!»

«ሳቀች» አለ። «የእሷ አያምም። ወንድ ስለሆንኩ ነው የሳቀችው። ያንቺ ያማል።»

ቁጭ አልኩ፣ መሬት ላይ፣ ከነቦርሳዬ። ኖይ ውሃ አመጣችልኝና አጠገቤ ልትቀመጥ ስትል እጇን ያዝ አድርጌ ወደ ደረጃው አመለከትኳት፦ ውጪልኝ፣ እባክሽ። የገዛ ቤቷ ነው እኮ! ኖይ እኔን አየች፣ ባሌን አየች፣ ገባት። አፏን በእጇ ሸፍና እየሳቀች ወደ ላይ ወጣች። ይህን ለመረዳት ስልክ አላስፈለጋትም።

«አሳየኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ለእሷ ያሳየሃትን። ያላሳየሃትንም።»

ሠራ። መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ በክሩ መሃል ሰደደው፣ እግሩን ቀየረ፣ ጧ አድርጎ መታ። መልሶ ሰደደው። ወገቡ ይወዛወዛል፣ ምላሱን በጥርሱ ይዟል። ካርድ ሲያድል ያየሁት እጅ ነው፣ ግን እዚያ እጁ ብቻ ነበር፤ እዚህ ሰውየው በሙሉ አለ። ደግሞ ያወራል! እሱ ሲሳሳት አባቱ እንዴት እንደሚቆጡት፣ ክር ሲበጠስ በምራቅ እንዴት እንደሚቀጥል፣ ሽሮ ሜዳ ያለው የአያቱ ቤት፣ አባቱ እንደነገሩት፣ ምን ይመስል እንደነበር። አንዳንዱን ቃል አማርኛው ያጥረዋል፣ በእንግሊዝኛ ይሞላዋል። ሌላ ጊዜ አርሜው ነበር። ያን ቀን አፌን ያዝኩ።

«ቀሰሙ አለቀ» አለ ቆይቶ። ባዶዋን የክር መጠቅለያ ይዞ ፈራ ተባ እያለ አየኝ።

«ስጠኝ» አልኩት። «እንዴት ነው የሚጠቀለለው?»

አሳየኝ። የመጀመሪያውን አበላሸሁት፣ ክሩ ላላ። ፈታና እንደገና አስጀመረኝ። ሁለተኛው ደህና ሆነ። ስሰጠው፣ «ሬቾ፣ ስንመለስ ዲሳይድ እናደርጋለን ያልነው...» ብሎ ጀመረ።

«ዝም ብለህ ሥራ» አልኩት።

ከዚያ ወዲያ የትም አልሄድንም። ፏፏቴ ነበረ፣ ዋሻ ነበረ፣ ዮናስ ስንት ቦታ አስቦ ነበር፤ አንዱንም አላየን። በየቀኑ ኖይ ቤት ስር ነበርን። ኖይ ታበስላለች፣ እሱ ይሠራል፣ እኔ ክር እጠቀልላለሁ። ከኖይ ጋር ወዳጅ ሆንን ብላችሁ አትደምድሙ። ሸሚዙ ላይ ክር አይታ ልታነሳለት ስትል ቀድሜ ነው የማነሳው። ስንለይ ግን አቅፌያታለሁ፤ እሷ ባትኖር ያ ሰውዬ እስካሁን «ናትንግ» እያለኝ ነበር። ሠርቶ የጨረሰው አንድ የአንገት ሻርፕ ነው፣ ቀይና ጥቁር፣ ሲያልቅ አንገቴ ላይ አደረገልኝ።

ቬጋስ ተመለስን። ሺፍቱ አሁንም አልተስተካከለልንም። ዮናስ ግን አሁን ወሬ መጥቶለት፣ እኔ ለሥራ ስወጣ በር ላይ ይዞኝ ቆሞ ስንት ቀን አርፍጃለሁ። እናንተም እንደ እኔ የምትቀኑ ካላችሁ፣ በዚያ መንገድ ካየሁት አንድ ነገር ልበላችሁ፦ ባላችሁ ወይም ሚስታችሁ ዝም ሲሉ ስልካቸውን አትፈትሹ። ከእናንተ የቱን ሳቅ እንደሚፈሩ ጠይቁ። መልሱን መስማት ቀላል አይደለም፣ እኔ አይቼዋለሁ። ግን ጠይቁ።

ደግሞ ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ እንዳትሉኝ። ባለፈው እሑድ እቴቴ ዘነቡ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር፣ የአክስቴ ልጆችም ነበሩ። ሻርፔን አድርጌ ነው የሄድኩት። እቴቴ እንዳዩኝ ጫፉን ያዝ አደረጉ።

«ይሄ የእጅ ሥራ ነው። ከየት አመጣሽው?»

«ከላኦስ ነው...» ብዬ ነገሩን ላልፈው ስል፣ ዮናስ ሹካውን አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ የሠራሁት እቴቴ» አለ። «አባቴ ሸማኔ ነበር። ከእሱ ነው የተማርኩት።»

እቴቴ ሻርፑን ከአንገቴ ፈተው ወሰዱት፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ አገላበጡት፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

«አባትህ ጋራዥ ዘግተው መኪና ይጠግናሉ ስንል ነው የኖርነው» አሉ።

«አይደለም። ሸማኔ ነበር።» ሁለተኛውን ጮክ አድርጎ ነው ያለው።

እቴቴ አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ። የቱን እንዳስታወሱ እንጃ፣ ፊታቸው ግን ቀላ። ከዚያ፣ «ጠርዙ ላይ ትንሽ ጠምሞብሃል፣ ልጄ» አሉ።

«አዎ፣ እሱ ቢኖር ያስፈታኝ ነበር» አለና ጀመረ። ጋራዡን፣ ፋኑን፣ ሽሮ ሜዳን፣ በምራቅ የሚቀጠለውን ክር ሁሉ፣ አንድ ሳያስቀር። የአክስቴ ልጆች በአማርኛው ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀና ቀጠለ። ምሳው ቀዘቀዘ፣ ማንም አልተነሳም።

ኮራሁበት፣ አልዋሽም። ግን ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ላኦስ ድረስ ሄጄ፣ መሬት ላይ ተቀምጬ፣ አልቅሼ ያገኘሁት ታሪክ ነው እኮ! ለእቴቴ ከምሳ ጋር ያቀርብላቸዋል!

እቴቴ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ሻርፑን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉት። «እንዴት ነኝ?» አሉት።

«አምሮብሻል እቴቴ» አለ፣ ያ አንቱታ የማያውቅ ባሌ።

ተነስቼ ከራሳቸው ላይ አወረድኩት።

«የእኔ ነው» አልኳቸው።